የእናቴ ስልክ በጋሽ ቦና ጠረጴዛ ላይ

በየሰፈሩ የተበላሸ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው አለ። ዕቃው ባይበላሽም ግድ የለውም፤ ከፍቶ ያጣራል። ለእኛ ለጉለሌዎች የደረሱን ክቡር ኢንጂነር ቦና ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን በአትክልት ሥራ አሳልፈው ከእጽዋት ማዕከሉ በጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። በመካከላችን አንድ ስስ ግድግዳ አለ።

መፈክራቸው አጭር ነው፦ «ትንሽ ነገር ናት።»

የእትዬ ንግሥት የበር ደወል ትንሽ ነገር ነበረች። አሁን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማንም ሳይነካት ትጮኻለች፤ እትዬ ንግሥትም እንግዳ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ይወጣሉ። የዕድራችን ድምፅ ማጉያም ትንሽ ነገር ነበረች። ከጥገናው በኋላ ሊቀመንበሩ የሟች ስም ሲያነቡ የእግር ኳስ ዘገባ ጣልቃ ገባባቸውና ለቀስተኛው ጎል መግባቱን አብሮ ሰማ።

ዘንድሮ ጋሽ ቦና መበየጃ ገዙ። እስክሪብቶ የምታክል፣ ጫፏ የሚግል ብረት ናት። ትምህርቱን በዩቲዩብ ጀመሩ፤ ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን አስመረቁ።

ያን ሰሞን የእናቴ ስልክ ቻርጅ አልቀበል አለ። ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት፣ ጥጥ እየፈተለች ስታንጎራጉር የቀዳሁት ድምፅ በውስጡ አለ፤ ሌላ የትም የለም። ወደ ሌላ ስልክ ልገለብጠው ስል ሦስት ዓመት አለፈ፤ እኔ ነገ የምለው ነገር ብዙ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቴ ላይ አስቀምጬ እከፍተዋለሁ። ጉሙ ከላይ ሲወርድ እሷም ትጀምራለች፦

የእንጦጦ ጭጋግ ሆይ፣ ቀስ እያልህ ውረድ፣
ልጄ አልደረሰችም፣ ገና ናት በመንገድ።

በሁለቱ ስንኞች መካከል ትስላለች። ያቺን ሳል ከዜማው እኩል እወዳታለሁ።

ጳውሎስ አካባቢ ስልክ የሚጠግነው ዮፍታሔ «አሳድሪውና ነገ ነይ» አለኝ። እሷን ሰው ቤት አሳድሬ እኔ ልተኛ? ይዤው ተመለስኩ። ጋሽ ቦና ግን አጠገባቸው ተቀምጬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

የቻርጀሩ መግቢያ ከቦርዱ ተነቅሎ ኖሯል። ቪዲዮው የመበየጃው እርሳስ ቀልጦ እንዲይዝ የጥድ ዛፍ ሙጫ ይቀባ ይላል። ከሱቅ እንግዛ ብላቸው ተቀየሙኝ። የዛፍ ነገር ለእሳቸው ይነገራል?

«የፈረንጅ ጥድ ሙጫ ከያዘ፣ የእኛ ግራር ምን አንሶት ነው?» አሉና በጋዜጣ የተጠቀለለ የግራር ሙጫ አመጡ።

ሙጫው እንደተቃጠለ ስኳር ጠቆረ። እርሳሱ ድቡልቡል ብሎ ተንከባለለ። አልይዝ ሲል ብረቱን አስደግፈው ቆዩ፤ አሁንም ቆዩ። ቦርዱ ላይ ያሉት ፀጉር የሚያካክሉ የመዳብ መስመሮች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጡ ተነሡ። ጭስ ወጣ። ጋሽ ቦና ለመጀመሪያ ጊዜ መፈክራቸውን አላሰሙም።

በማግስቱ ዮፍታሔ ቦርዱን በማጉያ መነጽር ሲያይ ቆየና ማን እንደበየደው ጠየቀኝ። አጎቴ ናቸው አልኩት፤ ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ድምፁስ ስለው፣ ድምፁን የያዘችውን ጥቁር ቁራጭ በወረንጦ ነካ አደረጋት።

«ይቺም ተቃጥላለች፣ እህቴ። ከቦርዱ ጋር ሄዷል።»

ጋሽ ቦናን አሥር ቀን አላናገርኳቸውም። ስንተላለፍ ቆባቸውን ያነሣሉ፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የሰፈሩ ደወልና ሬዲዮ ሁሉ ሳይነካ በሰላም ከረመ።

በአሥራ አንደኛው ጠዋት ጉሙ ወረደ። ባዶ መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ሻካራ የወንድ ድምፅ ተነሣ። ስለ እንጦጦ ጭጋግ ነው። ጋሽ ቦና ሲያዜሙ ሰምቼ አላውቅም፤ አይችሉበትምም። ግን ሦስት ዓመት በዚያ ግድግዳ ሲሰሙ ኖረዋል፤ የእናቴ ትንፋሽ የትኛዋ ቃል ላይ እንደሚያጥር ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሰው ቆም አሉ።

ከዚያ ሳሉ። ልክ እንደ እሷ።

ቀጥለውም «ልጄ አልደረሰችም፣ ገና ናት በመንገድ» አሉ።

ፊቴን ታጥቤ፣ ካውያዬን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሽ ቦና፣ ይቺ ካውያ አልግል ብላኛለች፤ ቢያዩልኝ።»

ተቀበሉኝና ገልብጠው ብዙ አዩዋት። ዓይናቸውን ወደ እኔ አላነሡም።

«ትንሽ ነገር ናት» አሉ።

ካውያዋ ምንም አልሆነችም። በዋዜማው ማታ ቀሚሴን ተኩሼባት ነበር።