ሊቀ በዓላት

አያልነሽ ወሬውን የሰማችው ሞላሌ ላይ ነው፤ በግ ልትሸጥ ወርዳ እህቷ ቤት ባደረች በማግስቱ። «ትናንት ማታ አገሩን በረዶ መታው» አላት ከመንደር የመጣው ጎረቤቷ ምንይሉ። ባሏ ሰውነት በክረምት ካረፈ ወዲህ የቤቷ ተስፋ ያ ገብስ ነበር።

«ያንቺስ ቀድሞ ታጭዶ ተከምሯል» አላት።

«ማን አጨደው?»

«ጋሽ መኳንንት።»

«በገብርኤል ቀን? ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ።»

መቼም በዓል ጠባቂ የሌለው መንደር የለም። የነአያልነሽ መንደር ደግሞ ሊቀ በዓላት መኳንንት አሉት። ማጭድ ሲሳል ከሁለት ማሳ ማዶ ይሰማሉ። «ዛሬ ማን ነው?» ይላሉ። ልደታ ነው፤ አቦ ነው፤ ተክልዬ ነው። ዶሮ በአቦ ቀን መሬት ስትጭር አይተው ባለቤቷን ገሥጸዋል ይባላል። መንደሩ በበዓል ቁጭ ይላል፤ ቁጭ ባለበትም ስለ ድህነቱ ይወያያል። የግብርና ባለሙያው ቃለአብ የአየሩን ትንበያ በስልኩ ሲያነብላቸው፣ «ልጄ፣ ደመና ስልክ አይደውልም» ይሉታል።

«እኚህ ሰውዬ ገነት ቢገቡ፣ በዓል ነው ብለው በሩን ያዘጉታል» ይል ነበር ሰውነት። አሁን ቀልዱን የምትደግመው እሷ ናት።

«ታዲያ ምን ነካቸው?» አለች።

«ቃለአብ በረዶ ሊመጣ ነው ሲል ሰማዩን አዩ። ወዲያው ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ማሳሽ። እኔም ተራዬን፣ ‹ጋሼ፣ ዛሬ ማን ነው?› አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹ገብርኤል ነዋ። ለራስ ማጨድ በዓል መሻር ነው። ባል ለሞተባት ማጨድ ግን ምጽዋት ነው፤ ምጽዋት በዓል አይሽርም። ምን ቆመህ ታየኛለህ?› ከዚያማ ማን ቀረ፣ መንደሩ በሙሉ ወጣ።»

«የራሳቸውስ ገብስ?»

«የራሳቸው ነዋ፤ ቆሞ አደረ። ግማሹን በረዶው አረገፈው።»

አያልነሽ ሳቀች። ከክረምት ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም።

«ነገ ማን ናት?»

«ማርያም።»

«እንግዲያ ለሰዉ ንገር። ነገ ምጽዋት አለብን።»

ቤቷ እንደገባች ማጭዷን መሳል ጀመረች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ያ ድምፅ መጣ።

«አያልነሽ፣ ነገ ማርያም መሆኗን ረሳሽ?»

«አልረሳሁም ጋሼ። ለሰው ነው።»

«ለማን?»

«እርስዎ ብቻ ነገ ከቤትዎ እንዳይወጡ፤ በዓል ነው።»

ሊቀ በዓላት ጥቂት አሰቡና፣ «በይ ስለቱን አጥብቂው» ብለው ገቡ።

ከበረዶው የተረፈው የሳቸው ገብስ ገና አልታጨደም።