የወፍጮ ቤቱ ሊቀ ንዝረት

አንድ ፈልሳፊ የሌለው ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር በዚህ አይታማም፤ መምህር ፍሰሃጽዮን አለው።

«ሊቀ ንዝረት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠችው ጎረቤቱ የሺወርቅ ናት፤ ከደሴ መጥታ ወፍጮ ቤት የከፈተችው። ማዕረጉ ሲያንሰው ነው። ባጃጅ ሲያንገጫግጭ ሌላው ተሳፋሪ ወገቡን ይይዛል፤ እሱ «ይኸ ሁሉ ጉልበት ይባክናል!» ብሎ ይቆጫል። ሰርግ ቤት ሰው ሙሽራዋን ሲያይ እሱ የጨፋሪዎቹን ትከሻ ይለካል። አንዴ «ከበሮው ላይ ትንሽ ነገር ልለጥፍ» ብሎ ቄሱን ጠይቆ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ ተነፍጎ ኖሯል።

በመጨረሻ ክብሪት የምታክል ሳጥን ሠርቶ የየሺወርቅ ወፍጮ ላይ አሰራት። ውስጧ ሳይነካኩ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ስስ የብረት ቁራጮች አሉ፤ አንደኛው ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ ፕላስቲክ ለብሷል። ወፍጮው ሲነዝራቸው ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ፤ ከዚያ የምትገኘው እፍኝ የማትሞላ ኤሌክትሪክ ተጠራቅማ ቀይ መብራት ብልጭ ታደርጋለች።

«የሺ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ውሃ ብቻ እንዳይነካት። የያዘችውን ትለቃለች» ሲላት ሦስት ዓመት ሆነው። እሷ ግን ለደንበኞቿ ዓይኗን እየጠቀሰች «እሺ፣ ሊቀ ንዝረት!» ከማለት በቀር አንድ ቀን ጆሮ አልሰጠችውም።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ከሚያስተምርበት ኮሌጅ ሦስት እንግዶች ሊያዩለት መጡ። ከወደዱት መሥሪያ ክፍልና ተማሪዎች ሊሰጡት፣ ካልወደዱት ነገሩ በዚያው ሊቀር ነው። መምህር አለ የተባለ ሱፉን ለብሷል። ወፍጮው ተነሳ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ መብራቷ ግን ወይ ፍንክች። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

መምህር ሳጥኗን ከፈታት። ፕላስቲኩ እንደ እንግዳ ብርጭቆ ያበራል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቀና ብሎ የሺወርቅን አያት። ጠዋት ቤቱን ስትወለውል «በቆሻሻ ተቀበለችን እንዳይሉኝ» ብላ ሳጥኗን ከፍታ ውስጧን በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ አሽታው ነበር።

«የኔ ጥፋት ነው» አላቸው መምህር። «በደንብ አልገጠምኳትም።»

የሺወርቅ ዝም አለች። እንግዶቹን ሸኝቶ ተመለሰና ሳጥኗን ኪሱ ከተተ። «አድክሜሽ ዋልኩ፤ ይቅርታ፣ ሓፍተይ» ሲላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሦስት ዓመት በእሱ ያሳቀቻቸው ደንበኞች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ያጠበችው ባለማወቅ ነው፤ ዝም ያለችው ግን አውቃ ነው። በዚያ አፈረች።

ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ ሮጠች። የእንግዶቹ መኪና መታጠፊያው ላይ መንገድ እስኪለቀቅላት ቆማ ነበርና ደርሳባት መስኮቱን በዱቄታም እጇ ደበደበች።

«ያጠብኳት እኔ ነኝ! እሱ ጥፋት የለውም፤ በእመቤቴ ተመለሱ!»

መስኮቱ ወረደ። «እርስዎ ምኑ ነዎት?» አሏት።

ጎረቤቱ ልትል ነበር፤ አፏ እምቢ አላት።

«ተማሪው ነኝ» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ሰነፏ ተማሪው።»