ሳህን ላይ የሚጋልቡት አቶ ማርቆስ

ፈረስ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ስለ ግልቢያ ሲያስረዳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ ከጊፋታ በዓል የፈረስ ውድድር በኋላ ሶዶ ብቅ በሉና ከመሥሪያ ቤታችን አቶ ማርቆስ ጋር ሥጋ ቤት ተቀመጡ። ከባጃጅ ሲወርዱ እንኳ "ደግፉኝ" የሚሉ ሰው ናቸው።

አምና የጎረቤታችን ልጅ ኢሳያስ ጋልቦ ሁለተኛ ወጣ። ሥጋ ቤት እንደተቀመጥን አቶ ማርቆስ የሥጋ ማባያውን ዳጣ ሳህኑ መሃል ቆለሉት።

"መታጠፊያው ይሄ ነው" አሉ። አንድ ቁራጭ ጥሬ ሥጋ በጣታቸው እየገፉ፣ "ይሄ ደግሞ ያንተ ፈረስ። እዚህ ጋ ልጓሙን ለምን ሳብከው? ብትለቀው ኖሮ..."

ፈረሱ ዳጣውን ዞሮ አንደኛ ወጣና አፋቸው ውስጥ ገባ። ቤቱ አጨበጨበ።

"ጋሼ፣ መሬቱ እኮ ጭቃ ነበር" አለ ኢሳያስ ቀስ ብሎ።

ማን ሰምቶት! ባገኘው ሰው ሁሉ "ብትለቀው ኖሮ" ሲባል ከረመ። የሚቆጨኝ በመጨረሻ ማመኑ ነው።

ዘንድሮ ለቀቀው። ፈረሱ መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ እግሩ ተሰበረ፤ አልተረፈም።

ፈረሱን ቀብረን ስንመለስ ኢሳያስን ብቻውን መተው ከብዶን ሥጋ ቤት ይዘነው ገባን። አቶ ማርቆስ ዳጣውን ቆለሉ፤ ሥጋውን አስጠጉ።

"እዚህ ጋ እኮ ልጓሙን መሳብ ነበረብህ፣ ልጄ" አሉ አዝነው። ከልባቸው አዝነው! ክፋት ቢኖርባቸው ይቀለን ነበር።

ኢሳያስ እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቅ ነበር። የሳህኑ ፈረስ ግን ዘንድሮም አንደኛ ወጣ።