ኮፈን ሲከፈት የሚመጡት ዶን ፕሮኮፒዮ

የትም አገር ሂዱ፣ የመኪና ኮፈን ከፍታችሁ አንገታችሁን ካስገባችሁ፣ ቀና ስትሉ አንድ ሽማግሌ አጠገባችሁ ቆመዋል። ማን ጠራቸው? ማንም። ከየት መጡ? እግዜር ይወቅ። ለእኛ በሜክሲኮ ለኦአሃካ ተራራ ሰዎች የደረሱን ክቡር ዶን ፕሮኮፒዮ ናቸው፤ ማንም ያልሾማቸው የሞተር ሊቀ ሊቃውንት።

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ያቺን ቃላቸውን ይጥሏታል፦ «ቀላል ነገር ነው!»

ይህችን ቃል የሰማ ባለመኪና ያማትባል። የቄሱን መኪና ከነኩት ወዲህ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር ጥሩምባው ይጮኻል። የዳቦ ጋጋሪዋን የዶኛ ቼላን መኪና ደግሞ ሲፈቱ ውለው ሲገጥሙ አመሹ፤ ሦስት ብሎን ተረፈ። «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ብለው በመሐረብ ቋጥረው አስረከቧት። እኔ ራሴ የሞተሩን ካንዴላ ሳጸዳ እንኳ እንዳያዩኝ ከቤቱ ጀርባ ተደብቄ ነበር።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ማክሰኞና ቅዳሜ እናቴን ለኩላሊት እጥበት ወደ ከተማ አወርዳታለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁልቁለትና ኩርባ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ግን መንገዱ በናዳ ተዘግቶ አምልጧት ነበር። ፊቷ አብጧል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሐኪሙ በስልክ «የማክሰኞዋ እንዳታመልጣት፣ አደራ» ብሎኛል።

እናቴን ጋቢና አስቀምጬ ሞተር አስነሣሁ። ፍሪሲዮን ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። በጫማዬ ጫፍ ስቤ አነሣሁት፤ ተመልሶ ተኛ። ማርሽ ላስገባ ስል ካምቢዮው ተንጫረረ።

«አምፓሮ፣ አንሄድም እንዴ?» አለች እናቴ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። የፍሪሲዮኑ ዘይት ዕቃ ጎድሏል። ሱቁ ገና አልተከፈተም። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት ይዤ ሮጥኩ። ጠርሙሱን ዘንበል ሳደርግ አንድ የሻከረ እጅ አንጓዬን ያዘኝ።

«እንዳታፈሺ!»

ዶን ፕሮኮፒዮ ናቸው። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ያቺን ቃል እስኪሏት ጠበቅኩ፤ አላሏትም። የዚያን ጊዜ ፍርሃቴ ባሰ።

«ልጄ፣ ፍሬኑም ከዚሁ ዕቃ ነው የሚጠጣው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምግብ ዘይት ጎሚኒውን፣ ዘይት የሚያግደውን ጎማ፣ ያሳብጠዋል። መጀመሪያ ደህና ይመስልሻል። ቁልቁለቱ መሀል ስትደርሺ ፍሬን የለሽም።»

«በምን አወቁ?»

«የአበልጄ የሂላሪዮ መኪና ላይ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ‹ቀላል ነገር ነው› ብዬ ሸኘሁት።»

ሂላሪዮ ከሦስተኛው ኩርባ ገደል የገባው የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። እዚያ መስቀል ቆሟል፤ ሁላችንም ስናልፍ ጥሩምባ እንነፋለታለን። ዶን ፕሮኮፒዮ ከዚያ ወዲህ ከመንደር ወርደው አያውቁም። ለምን ብለን ጠይቀንም አናውቅ። ሽማግሌው ኮፈን ሲከፈት የሚሮጡት ሊታዩ ይመስለን ነበር፤ ለካ ማን ምን ሊያፈስ ነው ብለው ፈርተው ኖሯል።

ከኮታቸው ኪስ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት አወጡ። ዕቃውን ሞሉና ከመኪናው ስር ተጋደሙ።

«ካምቢዮው ጋ ያለው ጎሚኒ ነው ያፈሰሰው። አየር ገብቶበታል፣ እናስወጣዋለን። ርገጪ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዢ! ሳልነግርሽ እንዳትለቂ፣ መልሶ አየር ይስባል!... በቃ ብሎኑን ዘግቻለሁ፣ ልቀቂ!»

ረገጥኩ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ሰዓቱ ይሄዳል። አሥራ አንደኛ ጊዜ ስረግጥ ፔዳሉ እግሬን መልሶ ገፋኝ፤ እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ገና ናቸው፤ ፍሬኑን ደጋግሜ እንድረግጥ አዘው አራቱን ጎማ በእንብርክክ ዞረው መረመሩ።

«ጎሚኒው ማፍሰሱን አይተውም፤ ከተማ እስክንደርስ ግን በየመሀሉ እያየን እንሞላዋለን።»

«እስክንደርስ? እርስዎም?»

«ለብቻችሁ ልስደዳችሁ?»

ከእናቴ ወዲያ ማዶ ተቀመጡ፤ ጠርሙሱን ታቅፈው። ሁለቴ አቁመን ዕቃውን አዩ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጥሩምባ ስነፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀኝ እግራቸው ግን ባዶውን ወለል ፍሬን ይመስል ጥርቅም አድርጎ ረግጧል። እናቴ እጃቸውን ያዘች። «አይዞህ ፕሮኮፒዮ» አለች፣ ራሷ መተንፈስ ያቃታት ሴትዮ።

ደረስን። እናቴ ከማሽኑ ስትያያዝ ዶን ፕሮኮፒዮ ከሆስፒታሉ ደጅ ታማሌ፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብ፣ ገዝተው ሳይፈቱት በእጃቸው ይዘው ይጠብቁን ነበር።

ጎሚኒው ከተቀየረ ስድስት ወሩ። መኪናዬ ዛሬ ምንም የላትም። ቢሆንም ልንወርድ ስንል ኮፈኑን እከፍታለሁ፤ አንገቴን አስገብቼ ቀና ስል ቆመዋል። ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ «ቀላል ነገር ነው» ይላሉ፤ እኔም ነፍሴ መለስ ትላለች።

ባለፈው ማክሰኞ ዘገዩ።

«አምፓሮ፣ አንሄድም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ቆይ እማዬ፣ ገና አላዩልንም» አልኳት።