ከፓራውልቱ ሥር

(እንጅባራ፣ መስከረም 2009። በዮናዳብ ግቢ ሁለት ነጫጭ የቤት መኪኖች ፊታቸውን ወደ በረንዳው አዙረው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷ የዮናዳብ፣ ሌላዋ የጓደኛው የስሜነህ። ሞባይል ጠጋኙ ዮናዳብ ነጭ ጫማ አድርጎ በረንዳው ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ስሜነህ ከመኪናው ኋላ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ እንትፍ እያለ አንድ ነገር ይፈትጋል።)

ዮናዳብ፦ በምራቅ አትፈትገው አልኩህ!

ስሜነህ፦ እየለቀቀ ነው እኮ። ጭረት አይደለም፤ የጭነት መኪናው ቀለም ነው።

ዮናዳብ፦ የሚለቀውን ተወው! የማይለቀው ውስጥ ነው ያለው።

ስሜነህ፦ ውስጡንማ ማን ያየዋል?

ዮናዳብ፦ ችግርህ ይኸው ነው! ትናንት ጥሊሊ መንገድ ላይ ቀርከሃ የጫነ መኪና ከኋላህ መጥቶ ድው አደረገህ። የኋላ ፓራውልቱ ገባ። ከዚያስ?

ስሜነህ፦ ከዚያ ተመልሶ ብቅ አለ። ሾፌሩ ትዕዛዙ «ተመስገን» አለ። እኔም «ተመስገን» አልኩ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ይቅር እላለሁ፤ አለቀ።

ዮናዳብ፦ ነገ አንድ ነገር ቢገኝባትስ? ሽማግሌ ፊት የወጣ ይቅርታ ይመለሳል?

ስሜነህ፦ ኧረ ነውር ነው!

ዮናዳብ፦ እኮ! እንግዲያ ስማኝ። ድሮ ፓራውልት ብረት ነበር። ሲመታ ይታጠፋል፤ ታየዋለህ፤ ታለቅሳለህ። የዛሬው ላዩ ፕላስቲክ ነው። ሲመታ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቆሞ ይስቅብሃል። ከሥሩ ግን አግዳሚ ብረት አለ። ዱላውን የሚቀበልልህ እሱ ነው። አንዴ ከታጠፈ ደግሞ ሁለተኛውን ዱላ አይመክትም። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?

ስሜነህ፦ ልጆቹ። ሚልካና ታናሿ።

ዮናዳብ፦ እኮ!

ስሜነህ፦ (እጁን እንደ ተቃጠለ ሰብሰብ አድርጎ) እና ምን ይሻለኛል?

ዮናዳብ፦ በሥርዓት እንሄዳለን። ሐኪም እንኳ በሽተኛ ከማየቱ በፊት ጤነኛ ምን እንደሚመስል ይማራል። መጀመሪያ የኔን መኪና የኋላ ክዳን ክፈት፤ ዓይንህ ጤነኛ ይልመድ። ከዚያ የራስህን ከፍተህ ታመሳክራለህ። (ቁልፍ ይወረውርለታል) ምንጣፉን አንሳ፣ ትርፍ ጎማውን አውጣ፣ ወለሉን በእጅህ ዳብስ። መጨረሻ ላይ ከሥር ተኛና ብረቱን በስልክህ መብራት እየው።

ስሜነህ፦ አንተስ?

ዮናዳብ፦ በዚህ ጫማ? እኔ አስተምራለሁ።

ስሜነህ፦ ይችን ስትገዛ እንዲህ አድርገህ አየኻት?

ዮናዳብ፦ እኔ እኮ የፈረሰኛ ልጅ ነኝ! አባቴ ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ዓይኑን ያያል፣ ሜዳ አውጥቶ ይጋልበዋል። እኔም ኮፈኗን ከፈትኩ፣ መብራቷን አየሁ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ጋለብኳት። ነፋስ ናት!

(የዮናዳብ ስልክ ይጮኻል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ኔትወርክ ፍለጋ ጀርባውን ሰጥቶ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል።)

ዮናዳብ፦ ሃሎ! ጋሼ ውብአየሁ? ጥሊሊን አለፋችሁ?... ይምጡ፣ ይምጡ። ግን ዕርቁ ቀላል እንዳይመስልዎት! (ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ተመልሶ ይቀመጣል) እሺ ስሜ፣ ምን አየህ?

ስሜነህ፦ ምንጣፉ ርሷል።

ዮናዳብ፦ አላልኩህም? ግጭቱ በሩን አጣሞት ዝናብ እያስገባ ነው።

ስሜነህ፦ ጎማው ሥር ውሃ አቁሯል። እንቁራሪት ብቻ ነው የጎደለው። ዝጓልም።

ዮናዳብ፦ በአንድ ሌሊት ዛገ! የአዲስ መኪና ጉዳት እንዲህ ነው፤ ይፈጥናል።

ስሜነህ፦ ወለሉ ደግሞ ትልም ትልም ሠርቷል። የድንች መደብ ይመስላል።

ዮናዳብ፦ (በደስታ ብድግ ብሎ ይቀመጣል) ቆርቆሮው ተጨማዷል! ዱላው ብረቱን አልፎ ወለሉ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ብረቱን እየው፣ ብረቱን!

ስሜነህ፦ (ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ) ብረት የለም።

ዮናዳብ፦ እንዴት አይኖርም?

ስሜነህ፦ ቀርከሃ ነው።

ዮናዳብ፦ (እያጨበጨበ) የመታህ መኪና ምን ነበር የጫነው?

ስሜነህ፦ ቀርከሃ።

ዮናዳብ፦ በቃ! ግጭቱ ሰንቅሮታል።

ስሜነህ፦ በሽቦ ታስሯል እኮ።

ዮናዳብ፦ የግጭት ኃይል ምን የማያደርገው አለ?

ስሜነህ፦ ቋጠሮም ይቋጥራል?

ዮናዳብ፦ አትከራከር! (ይደውላል) ጋሼ ውብአየሁ! ይች መኪና አይደለችም፤ የሬሳ ሣጥን ናት! ሰው የሚያሳፍርባት በነፍስ ይጠየቃል! እንዲህ ያለችውን አይቶ «ደህና ናት» የሚል ሰው ዓይን የለውም፤ ዮናዳብ ብሏል ብለው ለሁሉም ይንገሩልኝ! (ይዘጋል)

ስሜነህ፦ ዓይን የለውም ማለቱ አልበዛም?

ዮናዳብ፦ አነሰ እንጂ!

ስሜነህ፦ እሺ። ቁልፍህን እንካ፤ አሁን የራሴን ልክፈት።

ዮናዳብ፦ የራስህን... ምን?

ስሜነህ፦ ጤነኛዋን አስቀድም አላልከኝም? አስቀደምኩ። ዓይኔ ለምዷል።

(ዮናዳብ ቀና ይላል። የተከፈተችው የራሱ መኪና ናት። ከበረንዳው ይወርዳል፤ ነጩ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። ተንበርክኮ ከመኪናዋ ሥር ይገባል። ስሜነህ በዚህ መሃል የራሱን ከፍቶ፣ ዳብሶ፣ ከሥሯ ተኝቶ ይነሳል።)

ስሜነህ፦ ዮናዳብ! የኔ ምንጣፍ ደረቅ ነው። ወለሌም ለጥ ያለ ነው። ብረቱ ግን መሃሉ ላይ ጎብጧል! ልክ እንዳልከው፤ እሱ ጎብጦ ወለሉን አድኖታል! ለሽማግሌዎቹ ይኸንኑ አሳያለሁ። ትዕዛዙ ብረቱን ያስቀይርልኝ፤ ያን ጊዜ ይቅር እላለሁ። እስከዚያ ልጆቹ በባጃጅ ይሄዳሉ።

ዮናዳብ፦ (ከመኪናው ሥር) ስሜ፣ በናትህ፣ የኔን ምንጣፍ መልሰው።

ስሜነህ፦ ለምን?

ዮናዳብ፦ ሽማግሌዎቹ ደረሱ! ትንሽ ቀርከሃ ምን አላት? ቤት ይሠራበት የለም?

ስሜነህ፦ እሁድ እሁድ እናትህን ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው በዚች አይደለም?

(ዮናዳብ ቀርከሃውን በእጁ ይነካል።)

ዮናዳብ፦ በዚች ነው።

ስሜነህ፦ ታዲያ ቀድሞ ተመትታ የተጠገነች መኪና ስትገዛ ኋላዋን አንዴ እንኳ አላየኸውም?

ዮናዳብ፦ (በጭቃ ተለውሶ ብቅ ይላል) ፈረስ ሊገዛ የሄደ ሰው ከኋላ ይቆማል እንዴ? ይራገጣል! አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «ከኋላው አትቁም» እያለ ነው ያሳደገኝ!

ስሜነህ፦ (እጁን ይዞ እያነሳው) ይኸው ረገጠችህ፤ ያውም ከፊቷ ቆመህ።