እድሳት እንጂ ግዢ አይደለም

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በደብዳቤ ይጀምራሉ። የጎረቤቴ የኮምፒውተር እድሳትም የተጀመረው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አጽድቆ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ በለጠፈው ደብዳቤ ነው። ጎረቤቴ መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው፤ ያለ ቁጥርና ቀን ሻይ እንኳ አይጠጣም። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ ኮምፒውተር እንዳይገዛ በባለቤቴ በኩል የተላለፈው ውሳኔ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ካለን ውስን አቅም አንጻር ነባሩ ደረጃ በደረጃ እንዲታደስ ተወስኗል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቅ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የሚስቱ ታናሽ ወንድም በኮምፒውተር እግር ኳስ ሰባት ለባዶ ረትቶታል፤ ያውም አማቶቹ ቁጭ ብለው እያዩ። የመልሱ ጨዋታ በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ በጎረቤቴ ቤት፣ በዚያው ሸንጎ ፊት ተቀጠረ። በአማት ፊት ሁለቴ የተረታ አማች ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማዕድ ላይ አስተያየት ቢሰጥ ማን ይሰማዋል?

«እኔ እኮ አልተሸነፍኩም» አለኝ አጥሩን ተደግፎ። «ልምምድ አጥቼ ነው። የኛው ማሽን ጨዋታውን ሲከፍት ያቃስታል።»

«እስኪታደስ ድረስ በሚያቃስተው ብትለማመድስ?»

«ወንድሜ፣ አንተ ቴክኒክ አይገባህም።»

እውነቱን ነው፤ አይገባኝም።

መጀመሪያ ሚሞሪ ገዛ። ጠጋኙ አገላብጦ አየና «ዕቃው አንደኛ ነው፤ ቦርዱ ነው የማይመጥነው» አለው። ቦርዱ ተቀየረ። አዲሱ ቦርድ የድሮውን ፕሮሰሰር አልቀበልም አለ፤ እሱም ተቀየረ። ከዚያ የምስሉ ካርድ ተገዛ፤ ለካርዱ የድሮው ፓወር አነሰው፤ ትልቁ ፓወር ደግሞ ከድሮው ሣጥን አልገባ አለ። ጎረቤቴ በየቀኑ ከቢሮ ወደ ጠጋኙ፣ ከጠጋኙ ወደ ቤት ሲመላለስ ወሩ አለቀ። በዚህ ሁሉ መሃል የመጫወቻውን ጆይስቲክ አንድም ቀን አልነካም።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ ከአዳር ተረኛነት ስትገባ በር ላይ ካርቶን ተሸክሞ ታገኘዋለች።

«የኔ ጌታ፣ ይሄ አዲስ አይደለም እንዴ?»

«እድሳት ነው።»

«የትናንቱስ?»

«እሱም የእድሳቱ አካል ነው። ቃሌን አላጠፍኩም፤ ኮምፒውተር ገዝቼ እንደሆነ ንገሪኝ!»

አልገዛም። የኮምፒውተር ዕቃ ነው የገዛው፤ ሙሉውን። ከነባሩ የተረፈው የኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ ነው።

እሑድ ደረሰ። አማቶቹ ተቀመጡ፤ እኔም በታዛቢነት ተጠራሁ። ምስሉ ሲከፈት ሁላችንም ጉድ አልን፤ የሣሩ ቅጠል ይቆጠራል፣ የበረኛው ላብ ይታያል። ጎረቤቴ አሥራ አንድ ለባዶ ተሸነፈ። ባለፈው ሽንፈቱን የምስሉ ብዥታ ይሸፍንለት ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዷ ጎል ከነዝርዝሯ ታየች።

«ጥርት ያለ ነው፤ ምስጋና ይገባሃል ልጄ» አሉ አማቱ።

«ጋሼ፣ አይዞህ፣ ማሽኑን ገና አልለመድከው ይሆናል» አለ ወጣቱ አሸናፊ፣ ሳቁን በመዳፉ እያፈነ።

ይሄኔ ሚስት «እስቲ አምጣው» ብላ ጆይስቲኩን ከባሏ እጅ ወሰደች። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም፤ ወንድሟን ሦስት ለአንድ ረታችው።



«አንቺ! መቼ ተማርሽ?» አለ ባል።

«አንተ ቢሮ ስትሆን፣ በድሮው ላይ።»

«በዚያ በሚያቃስተው?»

«የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጌ ነዋ። ኳሷ ካንዱ ወደ አንዱ እስክትደርስ ሸሚዝህን እተኩሳለሁ፤ እየተኮስኩ ቀጥሎ የት እንደምመታ አስባለሁ። አሁንማ በፍጥነቱ ተገላገልኩ።»

ጎረቤቴ እስክሪብቶ አወጣና «ሸሚዝ መተኮስ» ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ጎራ ብል ሚስት ኮምፒውተሩ ፊት ተደላድላ ጎል እያስቆጠረች ትጮኻለች። ባል ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የሸሚዝ ክምር ከጎኑ፣ በካውያ ይተኩሳል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ልምምድ ላይ ነኝ» አለኝ ኮስተር ብሎ።

ጎረቤት ካልተጋገዘ ምኑን ጎረቤት ሆነ? ልምምዱ እንዳይቋረጥበት ቤቴ ገብቼ ሦስት ሱሪና አንድ አንሶላ አመጣሁለት።