ኦቦ ቶኩማ በወንጪ ጭቃ ስለ ወፊቱ ጎጆ የፈጸሙት ገድል

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሰኔ፣ ነጩ ስኒከራቸው ከአምቦ ገበያ ተገዝቶ በነገሠ በሁለተኛው ሳምንት፣ ግርማ ሞገስ የተላበሱት የመዝገብ ቤት ሹም ኦቦ ቶኩማ ዘሀገረ ሕይወት አምቦ የመሥሪያ ቤታቸውን የእግር ጉዞ ማኅበር አስከትለው ወደ ወንጪ ሐይቅ ዘመቱ። ከኋላቸውም የሠራዊቱን ዳቦ የተሸከሙት ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ ምኞት፣ ቡቺ የተባለ ውሻውን ያስከተለው ሾፌሩ ኤልያቄም፣ ደግሞም ኦቦ ቶኩማ ዓይኗን ሊማርኩበት ያን ጫማ የተጫሙላት የእጃጂዋ መምህርት ጊፍቲ ተሰልፈው ነበር።

ዝናብ ጥሎ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ኦቦ ቶኩማ ስለ ጫማቸው ሠግተው ወደ ዳሩ ሣር ታጠፉ፤ ሠራዊቱም ተከተላቸው። ወዲያውም ጭብጥ የማትሞላ ቡናማ ወፍ ከእግራቸው ሥር ብር ብላ ተነሥታ፣ ክንፏ የተሰበረ ይመስል መሬት ለመሬት እየጎተተችው ፊት ፊታቸው ሄደች። እሳቸውም አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ቁልቁል ቢያዩ፣ በሣሩ መካከል ዝንጉርጉር እንቁላሎች የያዘች ጎጆ አዩ፤ ከኋላም ቡቺ እያነፈነፈ ይመጣ ነበር።

በአንድ እግራቸውም እንደ ቆሙ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ቁሙ! ይህ ሣር የሰው ቤት ነው! ከእንግዲህ ሁሉም በመንገዱ ይሂድ፤ ውሻም በገመድ ይያዝ!»

ይህን ብለው ያነሡትን እግር ወደ ጭቃው ሰነዘሩት፤ ጭቃውም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ዋጠው።

ኤልያቄምም «ለአንዲት ወፍ ብለን ልብሳችን ይበላሽ?» ብሎ በሸፈተ ጊዜ፣ መምህርት ጊፍቲ ሱሪዋን ሰብስባ፣ «ኦቦ ቶኩማ በሄዱበት እሄዳለሁ፤ የሚቀር ከነውሻው ይቅር!» ስትል አዋጅ መለሰች፤ ገባችም። ያን ጊዜ ሸፍቶ የነበረው ውሻውን አስሮ ተከተለ፤ ወይዘሮ ምኞትም ዳቦውን በአናታቸው ተሸክመው፣ ሁለት ጊዜ ተንሸራተው፣ ዳቦው ሳይነካ ተሻገሩ።

በሐይቁም ዳር ጀልባ ቀዛፊው «ሳይታጠብ የሚሳፈር የለም!» ብሎ ስላወጀ ሠራዊቱ እየሣቀ እግሩን ታጠበ።

ሲመለሱ ማንም ሳያዛቸው በዚያው ጭቃ ሄዱ፤ ጊፍቲ የኦቦ ቶኩማን ክንድ ይዛ ነበር። ወፊቱም እንቁላሎቿን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም።

ወደ ታች ለማየት ያልታበዩ፣ ማንንም ሳይረግጡ ያሸነፉ ኦቦ ቶኩማ ስማቸው ከአምቦ እስከ እጃጂ ከፍ ከፍ ይበል፤ በዚያ ቀን ከጦራቸው አንድ እንቁላል አልተሰበረምና!